99.9 በመቶ ድፍን ነበር፤ ታዲያ ለምን ተሰበረ?

የመነሻ ጽሑፍ

ለመድረኩ ወዳጆች ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው ጀርመን ነው፤ በአንድ አነስተኛ የቁሳቁስ ሙከራ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ መስበር ነው። ደንበኛ የላከውን የብረት ናሙና ማሽን ላይ አስሬ፣ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እየሳብኩና እየለቀቅኩ ስንት ዑደት እንደሚችል እቆጥራለሁ። ቀጭን ሽቦ በእጁ ደጋግሞ አጥፎ የበጠሰ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ቢታጠፍ ምንም የማይሆነው ሽቦ ሲደጋገምበት ይበጠሳል። የብረት ድካም የምንለው ይህን ነው።

ባለፈው ዓመት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አታሚ ድርጅት በሌዘር የታተሙ የታይታኒየም ናሙናዎች ላከልን። ቅይጡ የተለመደው ነው፤ 6 በመቶ አሉሚኒየም፣ 4 በመቶ ቫናዲየም፣ የቀረው ታይታኒየም። የሚያትመው ባለሦስት አውታር (3D) ማሽን የብረቱን ዱቄት በስሱ ያነጥፋል፤ የአንዱ ንጣፍ ውፍረት ከ30 እስከ 60 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ቢሆን ነው። ሌዘሩ መቅለጥ ያለበትን ቦታ ብቻ እየለየ ያቀልጣል፤ ከዚያ ሌላ ንጣፍ ይደረብበታል። አብሮ የመጣው ወረቀት ናሙናው ከ99.9 በመቶ በላይ ድፍን መሆኑን ይገልጻል። እኛም ለካነው፤ እውነት ነበር። ሆኖም ናሙናዎቹ ከተጠበቀው ዑደት እጅግ ቀድመው ተሰበሩ። የስብራቱን ገጽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስመለከት የስንጥቁ መነሻ ከላይኛው ገጽ ሥር የተጋደመች፣ ስፋቷ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ብዙም የማይበልጥ ጠፍጣፋ ክፍተት ሆና አገኘኋት።

አታሚው ጥፋቱን ሁሉ በክፍተቷ ላይ ጣለና ሁለተኛውን ዙር ናሙና በሙቅ የጋዝ ግፊት አሳልፎ ላከ፤ በ920 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በ100 ሜጋፓስካል የአርጎን ግፊት፣ ለ2 ሰዓት። ክፍተቶቹ ተዘጉ። ናሙናዎቹ 10 ሚሊዮን ዑደት አልፈው አልሰበር ስላሉ ማሽኑን አቆምኩት። ደንበኛውም አታሚውም ደስ አላቸው። እኔን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ምክንያቱም በዚያ ሙቀት 2 ሰዓት የቆየ ታይታኒየም የሚለወጠው ክፍተቱ ብቻ አይደለም። ሲታተም በሴኮንድ ከአሥር ሺህ ዲግሪ በላይ በሆነ ፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ ውስጡ ማርቴንሳይት በሚባሉ፣ እንደ መርፌ በቀጠኑ ክሪስታሎች ይሞላል። ከሙቅ ግፊቱ ሕክምና በኋላ መርፌዎቹ የሉም። በቦታቸው ወፈር ያሉ የአልፋ ክሪስታሎች፣ በመካከላቸውም ስስ የቤታ ንብርብር ይገኛል፤ አልፋና ቤታ የታይታኒየም አተሞች የሚደረደሩባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። ጥንካሬው ደግሞ በንድፉ ላይ ከተጻፈው በታች ወርዷል። አንዱ ሕክምና ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ለወጠ ማለት ነው። ታዲያ ናሙናዎቹን ያዳናቸው የክፍተቱ መዘጋት ነው ወይስ የረቂቅ መዋቅሩ መለወጥ? እኔ መዋቅሩ ከሚነገርለት የላቀ ድርሻ አለው እላለሁ።

እስካሁን 19 መልሶች መጥተዋል። ዘግይተው ለሚገቡ እንዲያመች በየተራቸው አሳጥሬ አስፍሬያቸዋለሁ።

መልስ 1። ስዊድን የሚኖር አንድ ወንድም በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ ከእኔ ጋር እንደማይስማማ ገለጸ። እርሱ የሚያውቀው በኤሌክትሮን ጨረር የሚያትመውን ማሽን ነው። በዚያ ማሽን የዱቄቱ አልጋ አስቀድሞ ወደ 700 ዲግሪ ስለሚሞቅ መርፌዎቹ እዚያው ተበትነው አልፋና ቤታ ይሆናሉ፤ በብረቱ ውስጥ ታምቆ የሚቀረው ውጥረትም ትንሽ ነው። እንዲህም ሆኖ ያያቸው ስብራቶች የሚነሡት ከክፍተት ወይም ከሻካራ ገጽ ነበር። ስለዚህ መዋቅሩ ሁለተኛ ደረጃ ነው ብሎ ደመደመ።

መልስ 2። አገር ቤት የቁሳቁስ ሳይንስ የሚያስተምሩ መምህርት አረሙኝ፤ እርማታቸውን በደስታ ተቀብያለሁ። ክፍተት እያልኩ በአንድ ስም የጠራኋቸው ነገሮች በእርሳቸው አገላለጽ ሦስት ናቸው። ሌዘሩ ሲደክም ወይም መስመሮቹ ሲራራቁ በንጣፎች መካከል ሳይቀልጥ የሚቀር ጠፍጣፋና ሹል ክፍተት አለ። ሌዘሩ ከልክ በላይ ሲበረታ ቀልጦ በሚተነው ብረት ሥር የሚታፈን ክብ ክፍተት አለ። ከዱቄቱ ጋር የሚገባ ትንሽ የጋዝ አረፋም አለ። ሙቅ ግፊት የመጀመሪያውን ይዘጋል፤ ነገር ግን ወደ ውጭ የተከፈተ ከሆነ ጋዙ ገብቶ ከውስጥም ስለሚገፋ አይዘጋም። አርጎን በታይታኒየም ውስጥ ስለማይሟሟ የታፈነው አረፋ ይኮማተራል እንጂ አይጠፋም፤ ብረቱ ያለ ግፊት እንደገና ሲሞቅ ሊያብጥ ይችላል። ቀጥለውም ናሙናዎቼ ቆመው ነው ወይስ ተጋድመው የታተሙት ሲሉ ጠየቁ። ይህን አለመጻፌ ትልቅ ግድፈት ነበር። ሁሉም ቆመው የታተሙ ናቸው። ጠፍጣፋው ክፍተት በንጣፎች መካከል ስለሚጋደም፣ ወደ ላይ ሲሳብ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። ተጋድሞ የታተመ ቢሆን ያው ክፍተት በጠርዙ ይሳብ ነበርና ጉዳቱ ይቀንስ ነበር።

መልስ 3። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ በመድረኩ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው፣ ክርክሩን ወደ ቁጥር መለሱት። የጃፓኑ ሊቅ ዩኪታካ ሙራካሚ ያቀረበው ዘዴ የክፍተቱን ቅርጽ ዝርዝር ይተወዋል። ክፍተቱ ወደ ጭነቱ አቅጣጫ የሚጥለውን ጥላ ስፋት ይወስድና የዚያን ስፋት ዳግም ዘር ያሰላል። ጋሼ ምሳሌ ሠርተው አሳዩን። ዳግም ዘሩ 100 ማይክሮን የሆነ ክፍተት በ400 ሜጋፓስካል የውጥረት መለዋወጥ ሥር ቢወድቅ፣ ክፍተቱ ገጹ ላይ ከሆነ በስንጥቁ ጫፍ የሚፈጠረው ግፊት 4.6 ይሆናል፤ ውስጥ ከሆነ ግን 3.5 ገደማ ነው፤ መለኪያው ሜጋፓስካል ሲባዛ በሜትር ዳግም ዘር። ብረቱ ስንጥቅን የሚያስቆምበት ደፍ 4 ቢሆን፣ ውስጥ ያለው ክፍተት ዕድሜ ልኩን ተኝቶ ይኖራል፤ ገጹ ላይ ያለው ግን ከመጀመሪያዎቹ ዑደቶች ጀምሮ ይነቃል። ይህን ካየሁ በኋላ 99.9 የሚለው ቁጥር ምን ያህል እንደሚያታልል ገባኝ። የቀረው 0.1 በመቶ በሺህ ጥቃቅን አረፋዎች ሊበተን ይችላል፤ አንድ ክፉ ቦታ ላይ በተቀመጠ ጠፍጣፋ ክፍተት ሊሰበሰብም ይችላል። ቁጥሩ ሁለቱን አይለይም።

መልስ 4። እዚህ ላይ ንግግሩ ሞቀ። ሆላንድ ውስጥ የምርምር ተማሪ የሆነ ወጣት፣ ጋሼን አክብሮ ግን በጠንካራ ቃል፣ ደፉ 4 ቢሆን የሚለውን አነጋገር ተቃወመ። ደፉ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ የሚያቆመው መዋቅሩ ነው። በቀጫጭን መርፌዎች ውስጥ ረዘም ያለ ስንጥቅ እምብዛም ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳልና ደፉ ዝቅ ይላል። ወፈር ባለው የአልፋ መዋቅር ግን አንድ አቅጣጫ ከያዘ ስብስብ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር መታጠፍ አለበት፤ የስንጥቁ ግድግዳዎች ሻካራ ስለሚሆኑም ጭነቱ ሲላላ እርስ በርስ ይነካካሉ፣ ጫፉ ላይ የሚደርሰውም ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ በአንዱ መዋቅር የሚተኛው ያው 3.5 በሌላው ሊነቃ ይችላል። ወጣቱ መልስ 1 ላይ የተጻፈውንም ነቀፈ፤ ስንጥቅ ከክፍተት ተነሣ ማለት መዋቅሩ ዳኛ አልነበረም ማለት እንዳልሆነ አስረዳ። አነጋገሩ ለዛ ባይኖረውም እውነቱ ከእርሱ ጋር እንደሆነ አምናለሁ።

መልስ 5። አባቱ ቀጥቃጭ የነበሩ አንድ ወንድም ትዝታውን አካፈለን። ማጭድ በከሰል እሳት ቀልቶ ውኃ ውስጥ ሲነከር እንደሚጠነክር፣ ነገር ግን እንዲሁ ከተተወ ድንጋይ ሲነካ እንደሚሰበር፣ አባቱም መልሰው በለዘብተኛ እሳት እንደሚያለዝቡት ጻፈ። የታተመው ታይታኒየም ነገር ከአባቱ ማጭድ ጋር አንድ መስሎ ታይቶታል።

መልስ 6። መምህርቱ ተመለሱ። ትዝታውን አመስግነው ንጽጽሩን በግማሽ ብቻ ተቀበሉ። በማጭዱ ውስጥ ማርቴንሳይት ያን ያህል የሚጠነክረው በቅዝቃዜው ፍጥነት መውጫ ያጣ ካርቦን ክሪስታሉን ስለሚወጥረው ነው። በታይታኒየሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ካርቦን የለም። ጥንካሬው የሚመጣው ከመርፌዎቹ ቅጥነትና በውስጣቸው ከታመቁ የክሪስታል መዛነፎች ነው። ስሙ አንድ ሆነ እንጂ ጠባዩ ለየቅል ነው።

መልስ 7 እና 8 ከመንገዱ ወጣ ብለዋል፤ እኔ ግን ወድጃቸዋለሁ። አንዲት እህት፣ የአልፋ ክሪስታሎቹ እርስ በርስ የሚጠላለፉበት መዋቅር በባለሙያዎች ዘንድ የቅርጫት ሽመና እንደሚባል ካነበበች በኋላ መሶብ ብለን ብንጠራው ደስ እንደሚላት ጻፈች። ወዲያው ሌላዋ አረመቻት፤ መሶብ አይሸመንም፣ በስንደዶና በአክርማ እየተጠቀለለ በወስፌ ይሰፋል። ክሪስታሎቹን የሚመስለው ከቀርከሃ የሚሠራው ቅርጫት ነው። ልክ ነች፤ ከእንግዲህ እኔም ቀርከሃውን አስባለሁ።

መልስ 9። አዲስ አበባ በአውሮፕላን ጥገና ላይ የሠሩ አንድ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1989ን አደጋ አነሡ። በሐምሌ ወር አሜሪካ ውስጥ ሱ ሲቲ በተባለች ከተማ በግድ ያረፈው ዲሲ-10 አውሮፕላን የጅራቱ ሞተር የፊት ዲስክ በበረራ ላይ ፈንድቶ መቆጣጠሪያዎቹን ሁሉ አሳጥቶት ነበር፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። የዲስኩ ቁርጥራጮች በኋላ ከበቆሎ ማሳ ተለቅመው ሲመረመሩ፣ ስንጥቁ የጀመረው ታይታኒየሙ ገና ሲቀልጥ ናይትሮጅን በዝቶበት ከጠነከረና ከተሰባበረ አንዲት ነጥብ ሆኖ ተገኘ። እንከን ይገድላል፤ መዋቅር የመጽሐፍ ጨዋታ ነው የሚል ነበር የጽሑፋቸው መንፈስ።

መልስ 10። ከሆላንድ ያለው ወጣት በሌላ አደጋ መለሰላቸው። መስከረም 30 ቀን 2017 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከፓሪስ ወደ ሎስ አንጀለስ ይበር የነበረ የኤር ፍራንስ ኤርባስ ኤ380 በግሪንላንድ ሰማይ ላይ ሳለ የአንዱ ሞተር የፊት ማራገቢያ እምብርት ተሰብሮ ወደቀ። አውሮፕላኑ ካናዳ፣ ጉዝ ቤይ በደኅና አረፈ። ቁርጥራጩ ከበረዶው ሥር ተፈልጎ የወጣው በ2019 ነው። እምብርቱ ይኸው እኛ የምናወራው ቅይጥ ነበር። መርማሪዎቹ በስንጥቁ መነሻ ላይ ባዶ ቦታም ባዕድ ነገርም አላገኙም። ያገኙት ብዙ የአልፋ ክሪስታሎች ወደ አንድ አቅጣጫ ገደማ ዞረው የቆሙበት ሰፊ ቀጠና ነበር። እንዲህ ያለ ቀጠና እንደ አንድ ግዙፍ ክሪስታል ይሆናል፤ በእያንዳንዱ በረራ ጭነቱ ላዩ ላይ ሲቆይ ቀስ በቀስ ይሸነፋል። ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። እንከን የሌለበት ብረት በመዋቅሩ ብቻ ተሰብሯል።

መልስ 11። አንድ ተሳታፊ ተቆጣ። ሁለቱም አደጋዎች የተቀጠቀጠ እንጂ የታተመ ብረት ስላልሆኑ የውይይቱ ክር ከርዕሱ እንደወጣ፣ አስፈሪ ታሪክ መደርደርም ማስረጃ እንዳልሆነ ጻፈ። ቃሉ ሻካራ ነበር፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነው።

መልስ 12። መምህርቱ በእርጋታ አስታረቁ። በሌዘር ሲታተም የቤታ ክሪስታሎች ንጣፍ በንጣፍ ወደ ላይ እንደ ዓምድ ይረዝማሉ። እያንዳንዱ ዓምድ ሲቀዘቅዝ የሚወልዳቸው የአልፋ መርፌዎች ግን በ12 የተለያዩ አቅጣጫዎች ሊቆሙ ይችላሉ። በፍጥነት ሲቀዘቅዝ አቅጣጫዎቹ ይደበላለቃሉና እንደ ኤር ፍራንሱ ያለ ሰፊ ቀጠና ለመፈጠር ይቸገራል። ብረቱ ሁሉ ቤታ ከሚሆንበት ድንበር፣ ማለትም ከ1000 ዲግሪ ገደማ በላይ አሙቀን በዝግታ ብናቀዘቅዘው ግን አንድ አቅጣጫ የያዙ ሰፋፊ ስብስቦችን እኛው በእጃችን እንሠራለን። ስለዚህ ታሪኩ ለአታሚዎችም ይመለከታል።

መልስ 13፣ 14 እና 15። አንድ ወጣት የእኛ አየር መንገድ የታተመ የብረት ክፍል ይዞ ይበራል ወይ ብሎ ጠየቀ። የጥገና ባለሙያው አዎን አሉ፤ በ737 ማክስ ላይ ያለው ሞተር የነዳጅ መርጫዎቹ በሌዘር ከኮባልትና ክሮሚየም ቅይጥ የታተሙ ናቸው። ቀድሞ ወደ 20 ከሚጠጉ ክፍሎች ይገጣጠም የነበረው መርጫ አንድ ወጥ ሆኖ ሲታተም ክብደቱ በ25 በመቶ ቀንሷል። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ሰው የመጋቢት 2019ን አደጋ ከታተመው ብረት ጋር ሊያያይዝ ሞከረ። ይህን በጥብቅ ተቃውሜ ራሴ መልስ 15ን ጻፍኩ። በዚያ ቀን 157 ነፍሳት አጥተናል፤ በዚህ መድረክም ወዳጅ የቀበሩ አሉ። ምክንያቱ ከተሳሳተ ዳሳሽ መረጃ ተነሥቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ከገፋው የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ጋር የተያያዘ ነበር። ሞተሩም፣ መርጫውም፣ የብረት ድካምም በነገሩ ውስጥ የሉበትም።

መልስ 16። የስዊድኑ ወንድም አቋሙን አለሰለሰ፤ ይህን ማድረጉን አከብራለሁ። እርሱ ራሱ ያመጣው ምሳሌ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ጠቃሚ ሆነ። 316ኤል የተባለው የማይዝግ ብረት በሌዘር ሲታተም ግማሽ ማይክሮን ገደማ ስፋት ባላቸው ጥቃቅን ሕዋሳት ይሞላል፤ ጠንካራ ነው፣ እንደዚያም ሆኖ በደንብ ይለጠጣል። በእርሱ ውስጥ ያለ ክፍተት በታይታኒየሙ ውስጥ ካለው ያነሰ ጉዳት ያመጣል፤ በክፍተቱ ዙሪያ ያለው ብረት ተለጥጦ ጭነቱን ይጋራልና። ክፍተት ብቻውን የሚፈርድ ቢሆን ኖሮ በሁለቱ ብረቶች ላይ እኩል በፈረደ ነበር።

መልስ 17። ክሩን የቀየረው ይህ ነው። መምህርቱ በየካቲት 2024 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ አነሡ፤ የሠሩት ቻይና፣ ሼንያንግ የሚገኘው የብረታ ብረት ምርምር ተቋም ሰዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ነው። ተመራማሪዎቹ የታተመውን ታይታኒየም መጀመሪያ በሙቅ ግፊት ክፍተቱን ዘጉት። ከዚያ ለአጭር ጊዜ ብቻ እጅግ አሙቀው በፍጥነት አቀዘቀዙት፤ የቤታ ክሪስታሎቹ ሳያድጉ፣ የተዘጋው ክፍተትም መልሶ ሳይከፈት፣ ቀጫጭኑ የማርቴንሳይት መዋቅር ተመለሰ። የድካም ጥንካሬው እንደታተመ ከነበረበት 475 ሜጋፓስካል ወደ 978 ደረሰ።

መምህርቱ ያስረዱት ትርጉም እኔን ወደ ጥያቄዬ መለሰኝ። ቀጫጭኑ መዋቅር አዲስ ስንጥቅ እንዳይወለድ በመከላከል የላቀ ነው፤ የተወለደና የረዘመ ስንጥቅ ለማስቆም ግን ደካማ ነው። ወፍራሙ የዚህ ተቃራኒ ነው። ክፍተት ባለበት ብረት ስንጥቁ ተወልዶ ያደገ ያህል ነው፤ ስለዚህ ወፍራሙ ይረዳል። ክፍተት በሌለበት ብረት ስንጥቁ ገና መወለድ አለበት፤ ስለዚህ ቀጭኑ ያሸንፋል። ይህ ማለት እኔ ክፍተት ወይስ መዋቅር ብዬ መጠየቄ ስሕተት ነበር። የትኛው መዋቅር እንደሚሻል የሚወስነው ውስጡ የቀረው ክፍተት መጠን ነው። የእኔ ሁለተኛ ዙር ናሙናዎች ክፍተታቸው ከተዘጋ በኋላ ወፍራም መዋቅር ይዘው የቀሩ ናቸው፤ ለማይኖር ስንጥቅ ጥንካሬያቸውን ከፍለዋል።

መልስ 18። ጋሼ ደስታችንን ልጓም አበጁለት። 978 የተለካው ጭነቱ ሁልጊዜ እየሳበ፣ ከከፍተኛው ወደ አንድ አሥረኛው እየወረደ እየወጣ በሚመላለስበት ሙከራ ነው፤ ቁጥሩም ከፍተኛውን ውጥረት ያመለክታል። መሳብና መግፋት እኩል በሚፈራረቁበት ሙከራ ከተገኘ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሁሉ ራሱን ያታልላል። በተጨማሪም የተወለወለ ትንሽ ናሙና ሌላ፣ ዱቄት የተጣበቀበት ሻካራ ገጽ ያለው ውስብስብ ክፍል ሌላ ነው። በሻካራ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ስርጉድ ጅምር ስንጥቅ ነውና መዋቅሩን ለማሰብ ጊዜ አይኖርም። በዚሁ መልስ ውስጥ፣ መዋቅሩን በማይክሮስኮፕ ለማየት ናሙና በቤቱ በአሲድ ሊያነቅስ ያሰበን አንድ ተማሪ በብርቱ ገሠጹት። የታይታኒየም መዋቅር የሚገለጥበት ፈሳሽ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለበት፤ ቆዳ ዘልቆ ይገባል፣ ሕመሙ ዘግይቶ ሊሰማ ይችላል፣ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል። ጓንት፣ የጋዝ መምጠጫና የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት በሌለበት ማንም እንዳይነካው።

መልስ 19። የሆላንዱ ወጣት፣ በዚህ ጊዜ ለዘብ ብሎ፣ ሙከራ ሐሳብ አቀረበልኝ። ከመጀመሪያው ዙር የተረፉትን ናሙናዎች በዚያው 920 ዲግሪ ለ2 ሰዓት፣ ነገር ግን ያለ ግፊት፣ አየሩ በወጣለት ምድጃ ውስጥ ላሙቃቸው፤ ከግፊቱ ምድጃ ጋር በእኩል ፍጥነትም ላቀዝቅዛቸው። መዋቅሩ እንደ ሁለተኛው ዙር ይወፍራል፤ ጠፍጣፋዎቹ ክፍተቶች ግን በቦታቸው ይቆያሉ። ሁለቱን ለውጦች የሚለያያቸው ይህ ነው። ከማሞቁ በፊትና በኋላ በሲቲ ስካን እንዳያቸውም አሳሰበኝ፤ አረፋዎቹ ካበጡ ውጤቱን ያዛባሉ።

እጄ ላይ የቀሩት 6 ናሙናዎች ናቸው። ድካም በአንድ ውጥረት ላይ እንኳ ውጤቱ እጅግ ስለሚበታተን 6 አይበቁም። ዛሬ ጠዋት ለአታሚው ከዚያው የዱቄት ጥቅልና በዚያው የሌዘር ቅንብር፣ ቆመው የታተሙ ሌሎች 12 ናሙናዎች እንዲልክልኝ ጽፌያለሁ። ምድጃውን ለሚቀጥለው ወር ይዤዋለሁ፤ የስብራቱን ገጾች ፎቶ እዚሁ አስቀምጣለሁ።